ወርዋሪና ተወርዋሪ፦ የኮሚክ ጀግኖች ኃይላቸውን እንዴት ይገጣጥማሉ?

(ባለፈው ቅዳሜ ኮሚክ ለሚስሉና ለሚጽፉ ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቦታው የነበሩ ወላጆች በጽሑፍ እንዳወጣው ስለጠየቁኝ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! ወላጆች፣ የቅዳሜ ጉዳያችሁን ትታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን። ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በመስኮቱ በኩል አንድ አግዳሚ ወንበር ባዶ ነው። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንድ ግዙፍ ሰው አንድ አጭር ሰው ከመሬት አንስቶ፣ አሽከርክሮ ሲወረውረው ብታዩ ምን ትላላችሁ? እስቲ ጮክ በሉ። "ተጣልተዋል!" አያችሁ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አጎቴ ከመርካቶ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አንድ ኮሚክ ገዝቶ አመጣልኝ። ሽፋን የለውም። መጨረሻውም ተገንጥሏል። እጄ የገባው መካከሉ ብቻ ነው። እዚያ መካከል ላይ አንድ ገጽ ነበር፤ መላ ሰውነቱ የሚያብረቀርቅ ብረት የሆነ ሰውዬ አጭሩን ሰውዬ እንደ ድንጋይ ይወረውረዋል። እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር የማነበው ሥዕሉን ብቻ ነው። ለወራት ያንን የብረት ሰው ጠላሁት። ጓደኛውን አሳልፎ የሰጠ ከሃዲ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኋላ ላይ ታላቅ እህቴ ቁጭ አድርጋኝ፣ በንግግር አረፋው ውስጥ ያለውን እየተረጎመች ስታነብልኝ፣ ለካ ወርውረኝ ያለው አጭሩ ሰውዬ ራሱ ነው!

ገጹን እንደገና አየሁት። አንድ መስመር አልተጨመረበትም፤ ግን ሌላ ሥዕል ሆነብኝ። በብረቱ ሰው ፊት ላይ ጭካኔ ነው ያልኩት ለካ ጥንቃቄ ነበር። ልኩን እያየ ነው፤ ትንሽ ቢያጋድል ጓደኛው ግድግዳ ላይ ይላተማል። የአጭሩ ሰውዬ የተዘረጉ ክንዶች ለካ የፍርሃት አልነበሩም፤ ለመድረስ የተዘጋጁ ናቸው። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ያ ገጽ ነው።

ወርዋሪው ኮሎሰስ ይባላል። ከሳይቤሪያ የእርሻ መንደር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ሥጋው ወደ ብረት ይለወጣል። ተወርዋሪው ዎልቨሪን ነው፤ ከእጁ ምላጭ ይወጣል፣ ቁስሉ ወዲያው ይድናል። ይህ ውርወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ኤክስ-ሜን በሚባለው የጀግኖች ቡድን ኮሚክ ቁጥር 100 ላይ ነው፤ ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት፣ ሰዓሊው ዴቭ ኮክረም ናቸው። "ፋስትቦል ስፔሻል" የሚል ስም ወጣለት። ፋስትቦል በቤዝቦል ጨዋታ በሙሉ ኃይል የሚወረወር ኳስ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ኮሎሰስ ይበራል? አይበርም። ዎልቨሪን ይበራል? አይበርም። ሁለት መብረር የማይችሉ ሰዎች ተገናኙ፤ አንዱ በረረ። ታዲያ ይህ በረራ የማን ኃይል ነው? የኮሎሰስ እንዳንል፣ እሱ መሬት ላይ ቀርቷል። የዎልቨሪን እንዳንል፣ ብቻውን ቢሆን ከመዝለል አያልፍም። በሁለቱ መካከል ያለ ኃይል ነው። ሲገናኙ ይመጣል፣ ሲለያዩ ይጠፋል።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው፣ አብሮ መሰለፍና ኃይል መገጣጠም አንድ እንዳልሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ኃይልን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ስለ መከመር ነው። ሦስተኛው ስለ ደካማው ኃይል ነው። ልቤ ያለው ሦስተኛው ላይ ስለሆነ እሱ ቢረዝምብኝ ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። እኛ ስለ ኅብረት ስናነሳ ወዲያው አፋችን ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።" "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።" እውነት ናቸው፤ ያደግኩባቸው ናቸው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ድሩ ሁሉ ድር ነው። ሎሚው ሁሉ ሎሚ ነው። አንዱን ክር መዝዛችሁ ሌላ ክር ብትተኩ ገመዱ ያው ገመድ ነው። ይህ ተመሳሳይ ነገርን የማብዛት ጥበብ ነው። እኔ የምነግራችሁ ሌላ ነው። ኮሎሰስን አውጥታችሁ በቦታው ሁለተኛ ዎልቨሪን ብታስገቡ፣ ስድስት ምላጭ ሳይሆን አሥራ ሁለት ምላጭ ታገኛላችሁ፤ ግን ማንም አይበርም!

የኮሚክ ደራሲዎችም ይህንን ወዲያው አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ1940 ኦል-ስታር ኮሚክስ ቁጥር 3 ላይ ጀስቲስ ሶሳይቲ ኦፍ አሜሪካ የሚባል ቡድን ወጣ። በኮሚክ ታሪክ የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ቡድን ነው። ፍላሽ አለ፣ ግሪን ላንተርን አለ፣ ሃውክማን አለ። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አግኝቶ ማን ይቻላቸዋል? ታዲያ ምን አደረጉ? ማዕድ ዙሪያ ተቀመጡና በየተራ የየራሳቸውን ገድል አወሩ። በቃ። ከዚያም በኋላ ለግዳጅ ሲወጡ እያንዳንዱ በየምዕራፉ ለብቻው ይዋጋል፤ የሚገናኙት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም፤ በሩን የከፈቱት እነሱ ናቸው። ደግሞም ምዕራፎቹን የሚስሉት የተለያዩ ሰዓሊዎች ስለነበሩ፣ ኃይላቸው የሚገናኝበት ገጽ አልነበረም። ልጆች፣ ይህቺን ያዙልኝ፤ ኃይል የሚገናኝበት ገጽ ካልሳላችሁ ኃይሉ አይገናኝም። አምስት ጀግና በአንድ ሥዕል ውስጥ አሰልፋችሁ፣ አምስቱም በየአቅጣጫው የየራሳቸውን ጠላት ቢመቱ፣ አምስት ብቸኛ ሰዎች ነው የሳላችሁት።

አሁን ደግሞ 35 ዓመት እንዝለል። እ.ኤ.አ. በ1975 አዲሱ የኤክስ-ሜን ቡድን ሲወጣ፣ ጠላታቸው ክራኮዋ የምትባል ሕይወት ያላት ደሴት ናት። ደሴትን በቡጢ ምን ታደርጓታላችሁ? እዚያ ላይ ስቶርም አለች። እናቷ ኬንያዊት ናቸው፤ እሷ ካይሮ ጎዳና ላይ ያደገች፣ ዝናብና መብረቅ የምታዝዝ ሴት ናት። መብረቋን በደሴቲቱ ላይ አላወረደችውም። ወደ ጓደኛዋ ወደ ፖላሪስ ላከችው። ፖላሪስ መግነጢስን የምታዝዝ ናት፤ በመብረቁ ኃይሏ ከመጠን በላይ ሲያድግ ደሴቲቱን ከምድር ነቅላ ወደ ጠፈር ወረወረቻት። መብረቅን በወዳጅ ላይ ማውረድ! ከሩቅ ለሚያይ ይህም ጥል ነው የሚመስለው።

ስለ ስቶርም ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላሳያችሁ። ይህ በእጄ የያዝኩት አሮጌ ኮሚክ ነው፤ ይህቺ ደግሞ አጉሊ መነጽር ናት። ስንጨርስ እየመጣችሁ እዩ። የስቶርምን ጉንጭ በአጉሊ መነጽሩ ስታዩት ቡናማ ቀለም አታገኙም። ነጠብጣብ ነው። ቢጫ ነጠብጣብ፣ ቀይ ነጠብጣብ፣ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ በመካከላቸው ደግሞ ባዶ ወረቀት። የዚያን ጊዜ ማተሚያ ቤት ከእነዚህ ከሦስቱና ከጥቁር ሌላ ቀለም አልነበረውም። ቡናማ የሚባል ቀለም ማሽኑ ውስጥ የለም፤ ዓይናችሁ ላይ ነው የሚፈጠረው። ልጅ ሆኜ ይህንን ያየሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለተኛው ነጥብ። ኃይል ሲገጣጠም እንዲህ ያማረ ከሆነ፣ ለምን ሁሉንም ኃይል ለአንድ ሰው አንሰጠውም? ቀላል አይደለም? ጉልበቱንም፣ እሳቱንም፣ መሰወሩንም በአንድ ሰው ላይ! ደራሲዎቹ ይህንንም ሞክረውታል። ሞክረው ማንን እንዳገኙ ታውቃላችሁ? ክፉውን።

እ.ኤ.አ. በ1960 አማዞ የሚባል ሰው ሠራሽ ፍጡር ወጣ፤ ጀስቲስ ሊግ የሚባለውን የጀግኖች ቡድን አባላት ኃይል በሙሉ በአንድ አካል ይዟል። በ1963 ደግሞ ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 18 ላይ ሱፐር-ስክረል መጣ። ፋንታስቲክ ፎርን ታውቋቸዋላችሁ፤ አንዱ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ አንዷ ትሰወራለች፣ አንዱ በእሳት ይነዳል፣ አንዱ ዐለት ነው። ሱፐር-ስክረል አራቱንም ኃይል ለብቻው ይዟል፤ ከአራቱም ይበልጣል። በስሌት ከሄድን ማሸነፍ ነበረበት። ግን ኃይሉ ከመጣበት ፕላኔት በጨረር ይላክለት ነበር። ይህን እንደ ላስቲክ የሚሳበው ሪድ ደረሰበትና ጨረሩን የሚያግድ መሣሪያ ሠራ። የምትሰወረው ሱ ተሰውራ ጠጋ አለችና መሣሪያውን አስቀመጠችበት። አለቀ። አንዱ አሰበ፣ አንዷ አደረሰች። እሱስ? ሁሉም ነገር ነበረው፤ የሚያስብለት ሁለተኛ ሰው ግን አልነበረውም።

ይህ ጉዳይ ለእኔ የኮሚክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሷል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ 48 ገጽ ኮሚክ ላወጣ ተነሳሁ። ታሪኩን እኔ፣ ሥዕሉን እኔ፣ ቀለሙን እኔ፣ ፊደሉን እኔ። እናግዝህ ያሉኝን ሰዎች ሁሉ መለስኳቸው። የልቤን ማንም አይሠራልኝም ብዬ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ገጽ ጨረስኩ? 11! በ11 ገጹም ላይ ፊደሎቹ አረፋው ውስጥ ተጨናንቀው፣ ግማሾቹ ከጠርዙ ጋር ተጣብቀው፣ ለማንበብ ዓይን ያማል። አረፋውን አስቀድሜ ስዬ ቃሉን በኋላ ስለምጠቀጥቅ ነው።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ገጾቹን አየልኝ። ከአባቱ ቁም ጽሕፈት የተማረ፣ ብራና ላይ የሚጽፍ ልጅ ነው። ኮሚክ አንብቦ አያውቅም። ብዙ አየና በትሕትና እንዲህ አለኝ፤ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ቃሉን ይስጡኝ። ፊደሉ የሚፈልገውን ቦታ ልንገርዎትና አረፋውን ከዚያ በኋላ ይሳሉት።" መጀመሪያ ቃሉን! ሁለት ዓመት ሙሉ ያልታየኝ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተፈታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደሉ የእሱ ሆነ። ቀለሙን የምታውቅ አንዲት ልጅ ተጨመረች፣ ታሪኩን የሚያርም አንድ ጓደኛዬ ተጨመረ። በሰባት ወር አለቀ። ስሜ ከአራት ስሞች አንዱ ሆኖ ወጣ፤ ብቻዬን ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

የምታነቧቸው ትልልቆቹ ኮሚኮችም የአንድ ሰው ሥራ አይደሉም እኮ። ደራሲ አለ፣ በእርሳስ የሚስል አለ፣ በቀለም ብዕር የሚያጠናክር አለ፣ ቀለም ቀቢ አለ፣ ፊደል ጸሐፊ አለ። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ፋንታስቲክ ፎርን ሲሠሩ፣ መጀመሪያ በታሪኩ ሐሳብ ላይ ይመክራሉ፣ ከርቢ ገጹን ይስላል፣ ሊ ከሥዕሉ በኋላ ንግግሩን ይጽፋል። እንግዲህ በገጹ ውስጥ ያለው ቡድን ገጹን የሠራውን ቡድን ቢመስል ምን ይገርማል?

አሁን ሦስተኛው። ልጆች፣ ጆሮ ስጡኝ።

የኮሚክ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ጀግና ፍጠር ስትሉት ምን ይፈጥራል? የሚበር፣ ጥይት የማይበሳው፣ ተራራ የሚያነሳ። ያማረ ነው። ግን ከእንዲህ ያለ ጀግና ጋር ማን ይገጣጠማል? ቀዳዳ በሌለው ነገር ላይ ምን ይሰካል? የሚገጣጠመው ጎዶሎ ነው። አንድ ነገር ብቻ የሚችል፣ ያንንም በግማሽ የሚችል።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጡ አንድ ቡድን አሉ፤ በጣም ነው የምወዳቸው። ሊጅን ኦፍ ሱፐርሂሮስ የሚባል ታላቅ ቡድን ለመግባት ተፈትነው የወደቁ ልጆች ናቸው። አንዷ ኃይለኛ ናት፣ ግን በጨለማ ብቻ። አንዱ ድንጋይ ይሆናል፣ ድንጋይ ከሆነ ግን መንቀሳቀስ አይችልም። አንዱ እሳት ይተፋል፣ ግን አይቆጣጠረውም። አንዱ ብርድ ያመጣል፣ ጓደኞቹንም ያንቀጠቅጣል። አንዱ ተክል ቶሎ ያበቅላል። ወድቃችኋል ተባሉ። ወደ ቤታቸው ሄደው አለቀሱ? የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ! በመጀመሪያው ታሪካቸው ምድርን ሊወርሩ የመጡ የተክል ፍጡራንን ያቆሙት እነዚህ የወደቁት ናቸው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በቅርቡ የወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በኤክስ-ሜን ውስጥ ፋቢዮ ሜዲና የሚባል ልጅ ብቅ አለ። ኃይሉ ምንድን ነው? ከሰውነቱ ወርቃማ ኳስ ይወጣል። ይወጣና ይነጥራል። ሌላ ምንም የለም። ጎልድቦልስ አሉት፤ ወርቃማ ኳሶች ማለት ነው። በታሪኩ ውስጥም ሰው ይስቅበታል። ስድስት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጆናታን ሂክማን የጻፈውና ፔፔ ላራዝ የሳለው ሃውስ ኦፍ ኤክስ ቁጥር 5 ወጣ። እነዚያ ኳሶች ምን ነበሩ? እንቁላል! ሕይወት የሌላቸው እንቁላሎች ናቸው።

እንግዲህ ተከተሉኝ። ፋቢዮ እንቁላሉን ያወጣል። ፕሮቲየስ ነገርን እንደፈለገ የሚለውጥ ነው፤ በ1979 ሲመጣ አደገኛ ጠላት ነበር፤ እሱ መካኑን እንቁላል ሕይወት መያዝ እንዲችል ያደርገዋል። ኤሊክሲር ፈዋሽ ነው፤ ሕይወቱን ያስጀምራል። ቴምፐስ ጊዜን ታዝዛለች፤ ውስጡ ያለውን አካል ወደሚፈለገው ዕድሜ ታደርሰዋለች። ሆፕ ደግሞ አራቱን ታስማማቸዋለች። እንቁላሉ ሲፈለፈል የሞተ ሰው አካል ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ የኤክስ-ሜን መሥራች ፕሮፌሰር ኤግዛቪየር ያስቀመጠለትን ትዝታውን ይመልስለታል። አምስት ሆነው ሞትን አሸነፉ! በአምስቱ ውስጥ ሙት ማስነሳት የሚችል ሰው አለ? አንድም የለም። ፈዋሹ እንኳ ብቻውን ይህን አይችልም። መነሻው ደግሞ ማን ነው? የተሳቀበት ልጅ። እሱን አውጡት፤ የቀሩት አራቱ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ።

ይህንን ሳስተምር ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። "ሆፕ ምን ሠራች? እሷ እኮ ምንም አልጨመረችም!" ይሉኛል። ያኔ የምነግራቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በልጅነቴ ክረምቱን አያቴ ዘንድ ገጠር ነበር የማሳልፈው። አንድ ዓመት ጎርፉ ከጎጆዋ ሥር ያለውን አፈር እየሸረሸረ መጣ፤ ጎጆው ወደ ላይ፣ ወደ ደረቁ መሬት መዛወር ነበረበት። ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣ። የመንደሩ ሰው በደቦ ተጠራ። ጣራውን ከግድግዳው ለያይተው፣ ሙሉውን ክብ ጣራ ከነሣሩ ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ሣሩ የክረምት ውኃ ጠጥቷል፤ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ የሚታየኝ እግር ብቻ ነው፤ ጭቃ የነካው ብዙ እግር። ጣራው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል ነበር። ከፊቱ አንድ እግራቸው የተጎዳ ሽማግሌ በምርኩዝ ወደ ኋላ እየሄዱ ይጮሃሉ። "የታች፣ ከፍ! የላይ፣ ዝቅ! ቁም! አሁን፣ ሆ!" ጣራውን በጣታቸው እንኳ አልነኩትም። እኔም አያቴን "እሳቸው ለምን አይሸከሙም?" አልኳት። አያቴ ከጣራው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል፣ "ከሥሩ ያሉት ምን ይታያቸዋል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከሥሩ ያለው የሚታየው የፊቱ ሰው ጀርባ ነው። ዳገቱ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ሽማግሌው ዝም ቢሉ የታችኞቹ ሳያነሱ የላይኞቹ ይራመዳሉ፤ ጣራው ይሰነጠቃል። ሆፕ ያንን ነው የምትሠራው። ልጆች፣ ገጽ ላይ ለመሳል ከባዱ እሱ ነው፤ መብረቅ የለው፣ ፍንዳታ የለው። ግን ሳሉት። እባካችሁ ሳሉት።

ወላጆች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ልጃችሁ የሣለውን ጀግና ሲያሳያችሁ "ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?" አትበሉት። "ከማን ጋር ይሠራል?" በሉት። የቃል ልዩነት ናት፤ ግን ልጁ ተመልሶ ሄዶ ሁለተኛውን ሰው ይስላል። በእኛም አገር እንደ ጀምበር ያሉ በአማርኛ የሚነበቡ የሱፐርሂሮ ኮሚኮች መውጣት ጀምረዋል፤ ቀጣዮቹን የሚሠሩት እነዚህ መሬት ላይ የተቀመጡት ናቸው።

አሁን ወደ ሥራ። ረዳቶቼ ወረቀት እያደሉ ነው። እያንዳንዳችሁ፣ ወላጆችም ጭምር፣ አንድ ትንሽ ኃይል ጻፉ። በረራ አይፈቀድም። ጉልበት አይፈቀድም። ይህ ምን ይረባል የምትሉትን ጻፉ። ባለፈው ዙር አንዲት ልጅ "ጥላዬ ከእኔ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል" ብላ ጻፈች። አንድ ልጅ ደግሞ "ጥላ ሲናገር ይሰማኛል" ብሎ ጻፈ። አስቡት። ጥላዋ ከእሷ ቀድሞ፣ ጥጉን ዞሮ ያያል፤ ግን ያየውን የሚነግራት የለም። እሱ ይሰማል፤ ግን የራሱ ጥላ እሱ ካለበት አልፎ የሚያውቀው ነገር የለም። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሁለት ቅዳሜ ስድስት ገጽ ስለው መጡ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ለማታውቁት ሰው ስጡ፤ የእሱን ተቀበሉ። አብራችሁት ለመጣችሁት ሰው አይሆንም። እርሳስ የሌላችሁ እጃችሁን አውጡ።